«ነይ፣ እጅሽን አድርጊ»፦ መሪዬን ያስመረመርኩበት ጋራዥ

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣቸዋለሁ። አምስተኛዋን ያስቀረባቸው የአላይመንት (የጎማዎችን አቅጣጫ የማስተካከል) ክፍላቸው ነው፤ እሱ ጋ ኋላ እደርሳለሁ። ምርመራቸው ግን መኪና መያዝ ከጀመርኩ ወዲህ ካየሁት ሁሉ ይበልጣል። ረዘም አድርጌ የምጽፈው በምክንያት ነው። መሪ አልቋል ወይስ አላለቀም የሚለውን ነገር ብዙዎቻችን መካኒኩ ስላለን ብቻ ነው የምናምነው። እዚህ አሳዩኝ።

መኪናዬ ያረጀች ኮሮላ ናት። መሪዋ በዘይት የሚሠራ የድሮው ዓይነት ነው፤ ኤሌክትሪክ አይደለም። ሁለት ነገር አስቸግራኝ ነበር። አንደኛ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ አርፋ አትሄድም። ትንሽ ወደ ግራ ትላለች፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ትላለች፤ እኔም መሪውን ስመልስ እውላለሁ። ሁለተኛ፣ ትናንሽ ጉድጓድ ላይ ከፊት በግራ በኩል «ኳ» የሚል ደረቅ ድምፅ ታሰማለች።

መጀመሪያ ያየልኝ ሌላ ጋራዥ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። መኪናዋን በክሪክ አነሳ፣ ጎማውን ነቅነቅ አደረገ፣ ከዚያ ወረቀት ላይ ዘረዘረልኝ። የውጭ ታይሮድ ሁለቱም፣ የውስጥ ታይሮድ ሁለቱም፣ ቦልጆይንት ሁለቱም፣ የመሪ ራክ፣ በመጨረሻም አላይመንት። ራክ የመሪውን መዞር ወደ ግራና ቀኝ ግፊት የሚቀይረው ዘንግ ነው፤ ታይሮድ ከራኩ ወደ ጎማው የሚሄደው በትር ነው፤ ቦልጆይንት ደግሞ ጎማውን ከሥር ከሚይዘው ክንድ ጋር የሚያገናኝ ባለ ኳስ መገጣጠሚያ ነው። «እህቴ፣ ፊቷ በሙሉ አልቋል» አለኝ። የቱ ምን ያህል እንዳለቀ አሳየኝ ስለው ታይሮዱን በእጁ ጨብጦ ዘወር ዘወር አደረገውና «ይኸው» አለ። እውነትም ዘወር ይላል። ይህቺን «ይኸው» ያዙልኝ፤ ዝቅ ብለን እናገኛታለን።

አሁን የምገመግመው ጋራዥ ውስጥ የመሪ ነገር የሚያዩት አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ ናቸው። ረዳቶቹ አለቃ ይሏቸዋል፤ እኔ ጋሼ አልኳቸው። ቁልፍ ከመቀበላቸው በፊት በጥያቄ አጣደፉኝ። ትንቀጠቀጣለች? በስንት ፍጥነት? ፍሬን ስትይዢ ነው ወይስ ዝም ብለሽ ስትነጂም? ከመታጠፊያ ስትወጪ መሪው ራሱ ይመለሳል ወይስ አንቺ ነሽ የምትመልሺው? ቆመሽ ስታዞሪው ይከብድሻል? ጎማ በቅርቡ ለውጠሻል?

ጥያቄው ለወግ አልነበረም። እየጠየቁ በሐሳባቸው ዕቃ ይቀንሳሉ። አንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ፣ 90 አካባቢ በሉት፣ መጥቶ ከዚያ በላይ የሚጠፋ መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ የጎማ ባላንስ ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ወደ ዲስኩ ይኬዳል። መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ ካልተመለሰ የሆነ ቦታ የያዘው ነገር አለ፤ የሾክ አብዞርበሩ የላይኛው ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል፣ የደረቀ ቦልጆይንት ሊሆን ይችላል፣ ከመሪው ወደ ራኩ የሚወርደው ዘንግ መገጣጠሚያም ሊሆን ይችላል። ቆሞ ሲዞር መክበድ ደግሞ የመሪ ዘይት ማነስን፣ የቺንጋ መላላትን ወይም የፓምፕ መድከምን ይጠቁማል።

ወደ አንድ ጎን መሳብን ለብቻው ነው ያስረዱኝ፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ አላይመንት ብሎ የሚሮጥበት ነገር ነውና። መጀመሪያ የጎማ ንፋስ ይለካ አሉ። ንፋሱ እኩል ሆኖም ጎማው ራሱ በአሠራሩ ሊስብ ይችላል። ይህን ለመለየት የፊቶቹን ሁለት ጎማዎች ግራና ቀኝ ማቀያየር ይበቃል፤ የመዞሪያ አቅጣጫ የተጻፈባቸው ካልሆኑ ማለት ነው። መሳቡ ጎን ከቀየረ ጥፋቱ የጎማው ነው፣ መሪውን ተዉት። የያዘ ፍሬንም ይስባል። ስቆም ቸርኬውን ነክቼ አንዱ ከሌላው በጣም መጋሉን እንዳይ ነገሩኝ፤ ስትነኩ ግን ተጠንቀቁ፣ የያዘ ፍሬን ያቃጥላል።

የላላ መሪ ጠባዩ ሌላ ነው። አዘውትሮ አይስብም። ሐሳቡን ይቀያይራል። መሪውን ስታዞሩ መኪናዋ ዘግይታ ትመልሳለች፤ መሃል ላይ ባዶ ቦታ ያለ ይመስላል። መንገዱ ትንሽ ካጋደለ ወይም የጎማ ቦይ ካለበት ደግሞ ይብሳል። ጋሼ ራሳቸው ነድተዋት ሲመለሱ «መሃሉ ባዶ ነው» ብቻ አሉ።

ከዚያ ወደ ጎማዎቹ ሄዱ፤ ገና ምንም ሳይፈታ። መዳፋቸውን ጎማው ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ፣ መልሰው ከውስጥ ወደ ውጭ። «ሞክሪው» አሉኝ። በአንደኛው አቅጣጫ እጄ ተንሸራቶ ሄደ፤ በሌላው የጥርሶቹ ጠርዝ ነከሰኝ። በዓይን ሳየው ምንም የለውም፤ ጎማው ደህና ይመስላል። እንዲህ ዓይነት አበላል ጎማዎቹ ትይዩ ሆነው እንደማይሄዱ ነው የሚናገረው። እየተንከባለሉ ወደ ጎንም ይፋቃሉ ማለት ነው። የውስጡ ወይም የውጩ ጠርዝ ብቻ ሲበላ ጎማው ወደ ጎን ማጋደሉን ያሳያል። እዚህም እዚያም ጎድጎድ ሲል ሾክ አብዞርበር ይጠረጠራል። መሃሉ ብቻ ሲያልቅ ንፋስ በዝቷል፣ ሁለቱ ጠርዞች ብቻ ሲያልቁ ንፋስ አንሷል። እኔ ይሄን ሁሉ ለማወቅ ጋራዥ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር፤ መዳፍ ነው የሚፈልገው። እናንተም አሁኑኑ ወጥታችሁ መሞከር ትችላላችሁ።

የመሪውን ባዶ ቦታ በማስመሪያ ለኩት። እንዲህ የሚለካ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው፣ ሞተር ተነስቶ፣ መሪውን በአንድ ጣት ወደ ግራ ገፋ አደረጉት፤ ጎማው ልክ መንቀሳቀስ ሲጀምር ቆሙ። ወደ ቀኝም እንዲሁ። በመሪው ክብ ጠርዝ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው ፕሌዩ። ብዙ የቶዮታ የጥገና መጽሐፎች እስከ 30 ሚሊሜትር ይፈቅዳሉ። የእኔዋ ድንበሩ ላይ ነበረች። ሞተር መነሳት ያለበት መሪው በዘይት ስለሚሠራ ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ ራኩ ላይ ያለው ዘይት አስተላላፊ ራሱ ትንሽ ስለሚጠማዘዝ ያልላላውን የላላ ያስመስላል። ቆማ ባለች መኪና መሪውን ነቅነቅ አድርጎ «ላልቷል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሞተሩ መነሳቱን እዩለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ሊፍታቸው ጎማው ሳይንጠለጠል መኪናዋን በአራት እግሯ እንደቆመች የሚያነሳ ዓይነት ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ረዳቱ ውስጥ ገብቶ፣ ሞተር ጠፍቶ (እዚህ የሚታየው የመሪው ፕሌይ ሳይሆን የየመገጣጠሚያው ልልነት ነው)፣ የመሪው ቁልፍ ተከፍቶ፣ መሪውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ያወዛውዛል። ጋሼ ከሥር ቆመው ጣታቸውን የቀኙ ታይሮድ ጫፍ ላይ አሳረፉ። ግማሹ ጣት በትሩ ላይ፣ ግማሹ ከጎማው ጋር በሚያያዘው ክንድ ላይ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «ነይ፣ እጅሽን አድርጊ» አሉኝ።

አደረግሁ። በትሩና ክንዱ አንድ ላይ ይሄዳሉ፣ አንድ ላይ ይመለሳሉ። ጣቴ ሥር ምንም ልዩነት የለም። «ይሄ ጤነኛ ነው፣ አስታውሺው» አሉኝ። ከዚያ ወደ ግራው ወሰዱኝ። ረዳቱ ያንኑ ያህል እያወዛወዘ ነው። እዚህ ግን በትሩ ይጀምራል፣ ክንዱ ቆይቶ ይከተላል። በመካከል ጣቴ ሥር እንደ ላላ ጥርስ ጠቅ የምትል ነገር አለች። በዓይኔ ሳየው ለማመን የሚያስቸግር ትንሽ ናት። በጣት ግን ማንም አይስታትም። የላስቲክ ሽፋኑን አዙረው አሳዩኝ፤ ከኋላ በኩል፣ ከላይ ሲያዩት በማይታይበት ጎን፣ ተሰንጥቋል። ግራሶው ወጥቶ የቀረው ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ጠቁሯል። ውሃና አሸዋ ከገባ በኋላ ኳሱ ቤቱን ይበላል፤ ከዚያ ወዲያ ግራሶ መጨመር አያድነውም።

ይሄን ምርመራ መሬት ላይ በቆመ ጎማ ማድረግ ለምን እንደሚሻል ጠየቅኋቸው። ጎማው ከተንጠለጠለ ያለ ጭነት ይዞራል፤ መገጣጠሚያው ኃይል አይሸከምም፣ ትንሽ ልልነት ሊደበቅ ይችላል። መሬት የያዘ ጎማ ግን አልዞርም ብሎ ይታገላል፤ ላላ ያለው ነገር ያኔ ራሱን ያጋልጣል። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ብቻውን የሚሠራ መካኒክ ብዙ ጊዜ የሚዘለውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

መንጠልጠሉም ቦታ አለው። ቀጥለው አነሷትና ጎማውን በሰዓት አቆጣጠር 3 እና 9 ላይ ይዘው ነቀነቁ፤ ከዚያ 12 እና 6 ላይ። ወደ ጎን ያለው ነቅነቅ የታይሮድ ወገን ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው የቦልጆይንት ወይም የጎማ ኩሽኔታ ነው። የእኔዋ 12 እና 6 ላይ ዝም አለች። ነቅነቅ ቢኖር ኖሮ ረዳቱ ፍሬን እንዲረግጥ ያደርጉ ነበር። ፍሬን ሲረገጥ የሚጠፋ ልልነት የኩሽኔታ ነው፣ የማይጠፋ ከሆነ ቦልጆይንቱን ይጠራጠራሉ። አንድ ነገር ጨመሩልኝ፦ መኪናው ከየት ቦታ እንደሚነሳ በመኪናው ዓይነት ይወሰናል። እንደ እኔዋ ሞላው ሾክ አብዞርበሩ ላይ የተጠመጠመ ከሆነ ጎማው ተንጠልጥሎ ይታያል። ሞላው በታችኛው ክንድ ላይ ያረፈ ከሆነ ግን ክሪኩ ከዚያው ክንድ ሥር መግባት አለበት፤ አለበለዚያ ሞላው ቦልጆይንቱን ወጥሮ ስለሚይዘው ያለቀው ያላለቀ መስሎ ያልፋል።

እዚህ ላይ ነው «ይኸው»ን ያነሳሁባቸው። ሌላው ጋራዥ ታይሮዱን ዘወር ዘወር አድርጎ አሳይቶኛል፣ እሱስ አልኳቸው። ሳቅ ብለው ወደ መደርደሪያው ሄዱና አዲስ ታይሮድ ጫፍ ከነካርቶኑ አመጡ። አውጥተው ሰጡኝ። በእጄ ይዤ ብሎኑን ገፋሁት፤ ዞረ። ጠንከር ብሎ ነው፣ ግን ዞረ። ውስጡ ኳስ ነው ያለው፤ መዞርና ማዘንበል ሥራው ነው። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድና ሲወጣ በትሩ አብሮ ማዘንበል አለበት፤ ባይችል ይሰበራል። ስለዚህ በትሩን በራሱ ዙሪያ ማጠማዘዝ ምንም አያሳይም። የሚፈለገው ኳሱ ከቤቱ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መነቅነቁ ነው። ኳስ ያን ያህል ቦታ እንዲኖረው አልተሠራም።

ክንዶቹ ከመኪናዋ አካል ጋር በሚያያዙበት ቦታ ያለው የላስቲክ ቡሽም እንዲሁ ነው። ረጅም ብረት አስገብታችሁ ካነቃነቃችሁት የማይንቀሳቀስ ቡሽ የለም፤ ላስቲክ ነውና ይተጣጠፋል። መታየት ያለበት መሰንጠቁ፣ ከብረቱ መላቀቁ፣ ብረት ከብረት መንካቱ ነው። ሌላው ጋራዥ ዋሽቶኛል አልልም። ምናልባት እሱንም እንዲሁ አሳይተውት ይሆናል ያደገው። ግን በዚያ ዘዴ የሚታይ መኪና ሁሉ «ፊቱ በሙሉ ያለቀ» ነው የሚሆነው።

የውስጡ ታይሮድ አይታይም፤ ራኩ ጫፍ ላይ በተሸበሸበው የላስቲክ ሽፋን ውስጥ ነው ያለው። ሽፋኑን ሳይፈቱ ከላዩ ጨብጠው ኳሱን ፈልገው ያዙት፤ ረዳቱ ጎማውን ወደ ጎን ሲነቀንቅ በላስቲኩ በኩል ይሰማል። ሁለቱም ደህና ሆኑ። ሽፋኑን ሲጫኑት ግን የቀኙ በኩል ውስጡ ትንሽ እርጥብ ነበር። እዚያ ውስጥ ዘይት መኖር የለበትም፤ ካለ የራኩ የውስጥ ላስቲክ ማሳለፍ ጀምሯል ማለት ነው። እዚህ ላይ ራኩን ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር፤ ምክንያት አላጡም። «ላብ ነው፣ መንጠባጠብ አልጀመረም» አሉና የዘይቱን ማጠራቀሚያ ከፍተው አዩ። መስመሩ ላይ ነው፤ አልጠቆረም፣ አረፋም የለውም። አረፋና የማቃሰት ድምፅ አየር መግባቱን ይናገራል። ራኩ ይቆይ አሉ።

ድምፁስ? እኔ ድምፁና መቅበዝበዙ አንድ ችግር መስለውኝ ነበር። ድምፁ ከመሪ አልነበረም። የስታቢላይዘር ሊንክ ነው፤ ያች ከላይም ከታችም ኳስ ያላት ቀጭን ዘንግ። ስታቢላይዘሩ ራሱ መኪናዋ ስትታጠፍ በጣም እንዳታጋድል የሚይዛት ብረት ነው። እሷን ያዩዋት መኪናዋ በአራት ጎማዋ እንደቆመች በእጃቸው ነቅንቀው ነው። አንዱን ጎማ ብቻ አንስቶ ማየት እዚህ ያሳስታል፤ ስታቢላይዘሩ ተጠማዝዞ ሊንኩን ስለሚወጥረው ልልነቱ ይደበቃል። የግራዋ በጣት ስትነካ ኳ ኳ አለች። ራሷ ናት።

እንግዲህ የእኔ ዝርዝር ይሄ ሆነ፦ አንድ የግራ የውጭ ታይሮድና አንድ ሊንክ። ሌላው እንዳለ ይቆይ። የቀኙን ታይሮድ አብረን እንቀይረው ወይ ስላቸው «ደህና ዕቃ ለምን ትጥያለሽ፣ ልጄ» አሉኝ።

ሥራውን ቆሜ አየሁት፤ ከልካይ የለም። ከመፍታታቸው በፊት የበትሩን ርዝመት ለኩ፤ አዲሱን እዚያው ርቀት ላይ ለመመለስ ነው። አላይመንት የሚቀርለት ባይሆንም ቢያንስ ወደዚያ ሲሄድ መኪናው እንዳይወላገድ። ድሮ ያየሁት ሰው ሁሉ ታይሮድን በመዶሻ ነበር የሚያላቅቀው፤ እነዚህ በብሎን የሚገፋ ማላቀቂያ አላቸው። አዲሱ የሚገባበትን ሾጣጣ ቀዳዳ በደረቅ ጨርቅ ጠረጉ፤ እዚያ ግራሶ አይቀባም፣ የሚይዘው ደረቅ ሆኖ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ አብሮ መዞር ሲጀምር ረዳቱ ከሥር ገፋ አድርጎ ያዘላቸው። በጉልበት መለኪያ ቁልፍ ጠበቀ። ከዚያ ኮፒሊያዋ፣ ዳዶው እንዳይፈታ በቀዳዳው አልፋ የምትታጠፈዋ ሽቦ፣ አልገባ አለች፤ ቀዳዳው ከዳዶው ጥርስ ጋር አልገጠመም። ብዙ ሰው እዚህ ዳዶውን ትንሽ ላላ ያደርገዋል። ጋሼ ወደሚቀጥለው ጥርስ አጠበቁት። ኮፒሊያዋም አዲስ ናት፤ የታጠፈች ሽቦ መልሳ አትሠራም።

ወደ ቅሬታዬ።

የአላይመንት ክፍሉ ከጓሮ ነው፤ ሌላ ልጅ ነው የሚሠራው። ትሁት ነው። ግን የጎማ ንፋስ ሳይለካ ነው መኪናዋን ማሽኑ ላይ ያወጣት። እኔ ነኝ ያስለካሁት፤ አንደኛው ጎማ አንሶ ተገኘ። ውጤቱን በወረቀት አትምልኝ ስለውም ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለው ቁጥር ጎን ለጎን መውጣት እንደሚችል የረሳ ይመስል ነበር። ወጣ። ቁጥሮቹ በሙሉ አረንጓዴ ናቸው። ደስ ብሎኝ ነዳሁ።

መንገድ ላይ ስወጣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ መሪው ግን ወደ ቀኝ ተንጋዷል። መቅበዝበዙ ጠፍቷል፣ ድምፁ ጠፍቷል፣ መሪው ጠማማ ነው። የሆነው እንዲህ ነው። የጎማዎቹ ትይዩነት የሚስተካከለው የሁለቱን ታይሮዶች ርዝመት በመቀየር ነው። መሪው መጀመሪያ ቀጥ ተደርጎ በመያዣ መታሰር ነበረበት፤ ከዚያ ግራውም ቀኙም ይስተካከላል። ልጁ ግን ማስተካከያውን በአንድ በኩል ብቻ ሠርቶታል። የሁለቱ ጎማ ድምር ልክ ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ አረንጓዴ ነው፤ ራኩ ግን መሃሉ ላይ አይደለም።

ተመለስኩ። ልጁ ምን አለኝ መሰላችሁ? «መሪውን አውልቀን ቀጥ አድርገን እንመልሰዋለን፣ አምስት ደቂቃ ነው»። እንቢ አልኩት። መሪው ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ ራኩ እዚያው ጠማማ እንደሆነ ይቀራል፤ ወደ አንዱ ጎን ከሌላው የበለጠ ይታጠፋል፣ ፍሬቻውም እኩል አይመለስም። መሪው ውስጥ ኤርባግ ካለ ደግሞ እንዲሁ በዋዛ የሚፈታ ነገር አይደለም። የመሪ መዞሪያ ሴንሰር ያላቸው አዳዲስ መኪኖች ላይ የባሰ ነው፤ ኮምፒውተሩ ቀጥ ስትሄዱ ታጥፋችኋል ብሎ ያስባል። ጋሼ ከውስጥ ሰምተው መጡ። ምንም አልተናገሩም፤ መያዣውን ከግድግዳ አውርደው ሰጡት። እንደገና ተሠራ፣ ምንም አላስከፈሉኝም። አሁን መሪው ቀጥ ነው። ግን ከመጀመሪያው መሆን የነበረበት ነው፤ አንድ ኮከብ የቀነስኩትም ለዚህ ነው።

የሪፖርት ወረቀታቸውም ይሻሻል። ያን ሁሉ ምርመራ አድርገው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ፊት ግራ ተስተካክሏል» የሚል ብቻ ነው። ከራኩ ላብ አንድ ቃል የለም። የቀኙ ታይሮድ ጤነኛ መሆኑ አልተጻፈም። ነገ መኪናዋን ሌላ ሰው ቢያያት ከምን ይጀምራል? እኔ በራሴ እጅ ጽፌበት ጋሼን አስፈርሜያለሁ። እንዲሁም ከመሪው ወደ ራኩ የሚወርደውን ዘንግ ያዩት እኔ ካስታወስኳቸው በኋላ ነው። እግር መርገጫው ጋ ጎንበስ ብሎ መገጣጠሚያውን በጣት ይዞ መሪውን ማወዛወዝ ነው፤ የታይሮዱ ዓይነት ምርመራ ነው። ደህና ነበር።

ወረፋው ይረዝማል። እኔ ግን ስጠብቅ ያየሁት ነገር ካሰኝ። በራክ ፈንታ የመሪ ሳጥን ያላት አሮጌ ፒክአፕ ገብታ ነበር፤ ሹፌሩ ሳጥኑ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን ራሱ አጥብቆ ነው የመጣው። መሃል ላይ ያለው ልልነት ጠፍቶለታል፤ መሪው ግን ሲታጠፍ ይይዛል፣ ከመታጠፊያ ሲወጣም አይመለስም። ሳጥን ውስጥ ያለው ጥርስ ይበልጥ የሚበላው መሃሉ ላይ ነው፤ መኪና ዕድሜውን በሙሉ ቀጥ ብሎ ነውና የሚሄደው። መሃሉ እስኪጠብቅ ካጠበቁት ያልተበላው ጎኑ ይጨናነቃል። ጋሼ ብሎኗን መልሰው አላሉና ወደ ክንዶቹ ሄዱ፤ ልልነቱ ከሳጥኑ ይልቅ ከተቃራኒው ጎን ሆኖ በትሩን በሚደግፈው ክንድ ላይ ነበር። ባለ ሳጥን መኪና የያዛችሁ፣ ሳጥኑ ከመነካቱ በፊት እሷን ክንድ አስነኩ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ የኤሌክትሪክ መሪ ሞተር አይጠግኑም፣ መገጣጠሚያዎቹን ግን ያያሉ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ «የፊት ምርመራ» ብሎ ሲመዘግባችሁ «አለቃ ይዩልኝ» በሉት፤ ካላላችሁ ለረዳቶቹ ነው የሚሰጣችሁ፣ እነሱ ደግሞ አንጠልጥለው ብቻ ነው የሚያዩት። ሥር ለመግባት የማይቆጫችሁን ልብስ ልበሱ። አላይመንት ላይ ስትደርሱ ንፋሱ መለካቱንና መሪው መታሰሩን ቆማችሁ እዩ፤ ወረቀቱን ሳትይዙ አትውጡ።

ራኩን በተመለከተ ጋሼ ሽፋኑን ጠርገው አድርቀውታል። ዘይቱን በየጊዜው እያየሁ ነው፤ ከመስመሩ አልወረደም። ከወረደ የራኩን ላስቲክ ብቻ መቀየር ይቻል እንደሆነ ፈትተው እንደሚያዩት ነግረውኛል። ያኔ ሁለተኛ ግምገማ እጽፋለሁ።